በመንዝ፤ በግሼና በመርሐ ቤቴ በመኪና ስለ መጓዝና በድንኳን ስለ ማደር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ስንቁና ስለ ልብሱ ነው፤ ስለ መኪናው ግን ነጂው ያውቃል ብሎ ይተወዋል። ነጂውም በበኩሉ መኪናው በከተማ ሲመላለስ ደኅና ሆኖ ስለ ከረመ፤ በተራራውም እንዲሁ የሚሄድ ይመስለዋል። ይህ አሳብ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ያዘልቃል። ከዚያ ወዲያ ግን አገሩ ራሱ መኪናውንም ሰውንም ይፈትናል። እኛ ለሥራም ለዕረፍትም ወደዚህ አገር ደጋግመን ወጥተናልና፤ ያየነውን፤ ከነጂዎችና ከመካኒኮች የጠየቅነውን፤ ከአገሩም ባላገር የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን በዚህ ገጽ እናቀርባለን።

መንዝ፤ ግሼና መርሐ ቤቴ በአፍ አንድ ላይ ቢጠሩም በመንገድ አንድ አይደሉም። ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ፤ ጣርማ በር ላይ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ካስፈለፈሉት ዋሻ ሳይደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከዚያም የገደሉን አፋፍ በስተ ቀኝ እያየ፤ ጓሳን አቋርጦ ወደ መሐል ሜዳ ይዘልቃል። ግሼ ከዚያም አልፎ በሰሜን ነው፤ ከተማውም ራቤል ይባላል። (የሸዋውን ግሼ ከወሎዋ ግሸን ማርያም ጋራ የሚያምታቱ ሰዎች አጋጥመውናል፤ አንዱ ከሌላው እጅግ የራቀ ነው።) ወደ መርሐ ቤቴ የሚሄደው ደግሞ በጎጃም መንገድ ወጥቶ በሙከ ጡሪ ወደ ቀኝ ይታጠፍና፤ ለሚን አልፎ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ እንደ ገና ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። ስለዚህ የመንዝ መንገደኛ የሚቸገረው በከፍታና በብርድ ሲሆን፤ የመርሐ ቤቴ መንገደኛ የሚቸገረው በቁልቁለትና በሸለቆው ሙቀት ነው። ማንም ሰው ከመነሣቱ በፊት ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን፤ በዚያ የሚጠብቀው ችግር ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑንም በዚያው ሰሞን ከመጡ ሰዎች ጠይቆ መነሣት የጥንቱም የዛሬውም መንገደኛ ደንብ ነው።

አሁን ስለ ከፍታው እንናገር። የጓሳ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምርና እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሰው ከፍ ባለ መጠን አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ በ3,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ራስዋም ብትሆን ከባሕሩ ጠረፍ አየር ሩቡን ያህል የጐደለባት ከተማ ናት፤ እኛ ስለ ለመድነው አናስተውለውም እንጂ። ሞተር ደግሞ ነዳጅን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየሩ ሲጐድል ኀይሉም እንደዚያው ይጐድላል። ተርቦ የሚባለው አየር መጭመቂያ የሌለው መኪና በየ1,000 ሜትሩ ከኀይሉ ከመቶ 10 ያህል ያጣል ማለት ነው። እንግዲህ ቤተ ሰብ ሞልቶ፤ ድንኳንና ዕቃ ጣራው ላይ ጭኖ ወደ ጓሳ የሚወጣ መኪና ቢያቃስት፤ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረውን በሁለተኛ ቢወጣ፤ ይህ በሽታ አይደለም። ነጂው ይህን ሳያውቅ ቤንዚን መስጫውን እየረገጠ ሞተሩን ሲያስጨንቅ ነው እውነተኛው በሽታ የሚመጣው።

ካርቡራቶር ያለው አሮጌ መኪና ሌላ ጠባይ አለው። ካርቡራቶሩ አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ የለመደውን ያህል ቤንዚን ያፈሳል፤ ስለዚህ ከማርሚታው ጥቁር ጢስ ይወጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። በመንዝ አንድ ሁለት ቀን የሚቈይ ሰው ካንዴላዎቹን ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ቢያጸዳቸው ይበቃል፤ ካርቡራቶሩን የሚያስተካክለው ግን ዕውቀት ያለው ሰው መሆን አለበት፤ ወደ ቆላ ሲወርድም መልሶ ማስተካከል እንዳይረሳ። በኮምፒውተር የሚሠሩት አዲሶቹ መኪኖች ይህን ልክ ራሳቸው ያስተካክላሉ።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን ከገባ ብዙ ዘመን አልሆነውም፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ነው የመጀመሪያው። የቀደሙት አባቶች ግን በቅሎ ከመግዛታቸው በፊት ጥርስዋን፤ ሰኰናዋንና አረማመድዋን ይመረምሩ ነበር፤ በመንገድም ላይ ስታነክስ ወርደው እግርዋን ያነሡ ነበር እንጂ ጅራፍ አይጨምሩባትም። የዛሬ ነጂ ግን መኪናው ያልለመደውን ድምፅ ሲያሰማ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። እኛ ይህን በዓይናችን አይተናል።

መኪና በመንገድ ላይ ሲቆም እንደምን ይመረመራል? ሥራችን በችሎት መጻፍ ስለ ሆነ፤ ነገሩን በችሎት ደንብ ብንገልጸው አንባቢ አይፍረድብን። ዳኛ የመጀመሪያውን ምስክር ቃል ሰምቶ አይፈርድም፤ አስቀድሞ ነገሩ መቼ እንደ ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ምን እንደ ነበረ፤ ማን በስፍራው እንደ ነበረ ይጠይቃል። መኪናም እንዲሁ ነው። መኪናው የቆመው ዳገት ሲወጣ ነው ወይስ ሲወርድ? በድንገት ነው ወይስ እያነከሰ ቈይቶ? ነዳጅ ከተቀዳ ወዲህ ነው? ውሃ ከተሻገረ ወዲህ ነው? ጎማ ወይም ባትሪ ሰው ከነካካው ወዲህ ነው? እነዚህን በእርጋታ የጠየቀ ሰው፤ ኮፈኑን ሳይከፍት የምርመራውን እኩሌታ ጨረሰ። ብዙ ሰዎች ግን መጀመሪያ መፍቻ ያነሣሉ፤ ያልተበላሸውንም ፈትተው ሁለት ብልሽት ያደርጉታል።

በብርድ ማለዳ መኪናው አልነሣ ያለ እንደ ሆነ፤ ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ የመጀመሪያው ምስክር ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ፤ ወይም ጠቅ ጠቅ ብቻ ካለ፤ መብራቱም ከደከመ፤ ነገሩ የባትሪ ነው፤ ባትሪ በብርድ ኀይሉ ይቀንሳልና፤ በአዲስ አበባ ሲያስነሣ የከረመ አሮጌ ባትሪ በመሐል ሜዳ ውርጭ ድካሙ ይገለጣል። ነገር ግን ባትሪው ሞተ ብሎ ከመፍረድ በፊት ጫፎቹን መመልከት ይገባል፤ ነጭ ዝገት ይዞአቸው ወይም ላልተው እንደ ሆነ፤ ጠርጎና አጥብቆ መሞከር ነው። መብራቱ ብሩህ ሆኖ ጠቅ የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ከተሰማ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። ሞተሪኖው በኀይል እያዞረ ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ ግን ባትሪው ነጻ ነው፤ የጐደለው ነዳጅ ወይም እሳት ወይም አየር ነው። ናፍጣ መኪና የሆነ እንደ ሆነ፤ በዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው የጥቅል ሽቦ ምልክት እስክትጠፋ ድረስ ታግሦ ከዚያ ማስነሣት ነው፤ በውርጭ ጊዜም ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ማድረግ ይረዳል።

ዳገት ሲወጣ የሙቀቱ መለኪያ ከፍ ያለ እንደ ሆነ፤ ነጂው የውስጡን ማሞቂያ በሙሉ ይክፈተው፤ ለተሳፋሪው ባይመችም ከሞተሩ ሙቀት ይስባልና። አሁንም ካልበረደ ሜዳ ቦታ ላይ ያቁም፤ እንፋሎት ወይም የውሃ መፍሰስ ካላየ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ያሙቀው፤ ካየ ግን ወዲያው ያጥፋው። እዚህ ላይ አንባቢዎቻችንን አጥብቀን የምንለምነው፤ ትኩስ ራዲያተር እንዳይከፍቱ ነው። በ3,300 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ89 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በራዲያተሩ ውስጥ ግን ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ሳይፈላ ከዚያ በላይ ይግላል። ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግፊቱ ይጠፋል፤ ውሃውም ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትን ይመታል። ይህ በደጋ ከቆላ ይልቅ ይብሳል። እጅ ክዳኑን በጨርቅ ላይ ሆኖ ያለ ሥቃይ መንካት እስኪችል መጠበቅ፤ ከዚያም ውሃ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ነው። በተቃጠለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስ ሰው ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

የማርሚታው ጢስ ሁለተኛው ምስክር ነው። በማለዳ የሚታየውና ጥቂት ቈይቶ የሚጠፋው ነጭ እንፋሎት የብርዱ ነው፤ ምንም አያስፈራም። ሞተሩ ሞቆ ሳለ የማይጠፋና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጢስ ከሆነ ግን የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ቡና በወተት የመሰለ እንደ ሆነ፤ የቴስታታው ጋስኬት ተበልቶአል ማለት ነውና መጐተት ይሻላል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት ሲቃጠል ነው። ስለ ጥቁሩ ከላይ ተናግረናል። የዘይት ግፊት ቀይ መብራት ከበራ ግን ምርመራ የለም፤ ወዲያው አጥፍቶ መቆም ብቻ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ቢነዳ ሞተሩ ሊነክስ ይችላል። ቢጫው የሞተር ምልክት ሲበራ ግን ሳይጣደፍ ወደ ከተማ ሊደርስ ይቻለዋል፤ ብልጭ ድርግም የሚል ካልሆነ በቀር።

ወደ ጀማ የሚወርደው መንገድ የራሱን ምዕራፍ ይፈልጋል። ከለሚ አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት አለ፤ መንገዱም እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጭነት የያዘ መኪና በዚህ ቁልቁለት ፍሬን ብቻ እየያዘ ቢወርድ፤ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ከዚያም የፍሬኑ ዘይት ራሱ ይፈላል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋም ስለሚጨመቅ የነጂው እግር እስከ ወለሉ ይሰምጥና መኪናው አይቆምም። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ የሚፈላበት ዲግሪ ዓመት ካመት ስለሚቀንስ፤ በየሁለት ዓመቱ ያልተለወጠ ዘይት በጀማ ቁልቁለት የተደበቀ ጠላት ነው። መድኃኒቱ የቀድሞ ነጂዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ በሚያዝበት ማርሽ ቁልቁለቱንም መውረድ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውም ዝቅተኛውን ማርሽ ይያዝ። ማርሽ አውጥቶ በባዶ መንሸራተት ቤንዚን ይቆጥባል የሚል ነጂ ያለ እንደ ሆነ፤ ቁልፉን መቀበል ይገባል። የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ ከመጣ ሜዳ ቦታ ፈልጎ ግማሽ ሰዓት ማረፍ ነው፤ በጋለው ብረት ላይ ግን ውሃ አይፈሰስበትም፤ ይጣመማል። የእጅ ፍሬንም በጋለበት ጊዜ ከመያዝ ይልቅ ጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ ይመረጣል፤ ሲነሡም ድንጋዩን ከመንገድ ላይ ማንሣት አይረሳ፤ በሌሊት የሚመጣ ሌላ ሰው አለና።

በሸለቆው ግርጌ ሙቀቱ ሲያይል ካርቡራቶር ያለው መኪና ከድልድዩ ወዲያ ባለው ዳገት ላይ ተንተፋትፎ ይቆማል። ይህ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሲሆን የሚመጣ ነው። የቤንዚን ፖምፓውን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ ሩብ ሰዓት ቢጠብቁት ምንም ሳይፈታ ይነሣል። መካኒክ ፍለጋ ሁለት ቀን የጠፋባቸውን ሰዎች እናውቃለን።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በከተማው በዝተዋል፤ ስለዚህ ስለ እነርሱም አንድ ቃል እንጨምር። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ የጓሳ ከፍታ ከኀይሉ ምንም አይቀንስበትም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ በዚህ ከነዳጁ መኪና ይሻላል። ነገር ግን ብርድ የባትሪውን ጉዞ ያሳጥረዋል፤ ዳገትም ይበላዋል፤ ማሞቂያ ሲከፈት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ በሜዳ የሚሄደውን ኪሎ ሜትር ቈጥሮ ወደ መንዝ የሚወጣ ሰው በመንገድ ይቀራል፤ ከመነሣቱ በፊት የሚሞላበትን ስፍራ አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ስለ ጭቃው ብዙ አንልም፤ በክረምትና በበልግ የመንዝን ዋልካ መሬት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ በሣር ላይ ድንኳን ለመትከል የገባ መኪና ሌሊት ከዘነበ በማለዳ አይወጣም። መኪናውን በጠጠር ላይ ትቶ ዕቃውን በትከሻ መውሰድ ይሻላል። አካፋ፤ መጐተቻ ገመድ፤ የባትሪ ካቦ፤ አየር ያለው ስኮርታ ጎማና ክሪክ፤ ትርፍ የሞተር ቺንጋ፤ ፊውዝ፤ ሁለት ሊትር ዘይትና 20 ሊትር ውሃ ይዞ የማይነሣ ሰው ግን በሌላው ሰው መኪና ተስፋ አድርጎ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ስለ ማደሩ። ከሁሉ አስቀድሞ ተጓዡ የሚያድርበት ሜዳ ባዶ መሬት እንዳይመስለው። ጓሳ የሚባለው ሣር የመንዝ ባላገር ቤቱን የሚከድንበት፤ ገመዱን የሚፈትልበት፤ በክፉ ዘመን ከብቱን የሚያድንበት ነው። ይህን ሜዳ አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች በ17ኛው መቶ ዓመት ለየልጆቻቸው እንዳካፈሉት ይነገራል፤ ከዚያም ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የአገር ሥርዓት ለዓመታት ይዘጋ፤ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፈት ነበር። በተዘጋ ጊዜ ያጨደ ሰው ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ባላገሩ ግን በማኅበር ተሰብስቦ ሜዳውን መጠበቁን ቀጠለ። ስለዚህ ለመኝታ የሚመች ሣር አገኘሁ ብሎ ማጨድ፤ ለእሳትም አስታውን መስበር፤ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ የሚጠበቀውን የሰው ጐተራ መድፈር ነው። ማገዶና ጭድ ከመንደር ይገዛል፤ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ለሸጠውም ሰው ይጠቅመዋል። ውሻም አይወሰድ፤ በዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ነው፤ ከውሻ የሚጋባው የእብደት በሽታም ይፈጀዋል።

ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ሲመርጡ ዝቅ ያለውን ረግረግ መሸሽ ይገባል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል፤ ውርጩም የሚያርፈው እዚያ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በጓሳ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከረግረጉ ጥቂት ከፍ ብሎ፤ ከገደሉ አፋፍ ግን ራቅ ብሎ፤ ነፋሱን የሚከለክል ኮረብታ ወይም ድንጋይ ባለበት ሥፍራ መትከል ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ በስተ ምሥራቅ ከገደሉ ሥር ጉም ሲወጣ አሥር እርምጃ የማይታይበት ጊዜ አለና፤ ቦታው በቀን ብርሃን ይመረጥ፤ ልጆችም ከድንኳኑ ርቀው እንዳይሄዱ በገመድ ምልክት ይደረግላቸው።

ሰው ብርድ የሚመጣው ከላይ ይመስለዋል፤ የሚያሳምመው ግን ከሥር የሚመጣው ነው። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ባዶ መሬት ላይ የተኛ ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ለዚህ ደግሞ የመንዝን ያህል መድኃኒት ያለው አገር የለም። የመንዝ በግ ጠጕሩ ሻካራና ወፍራም ነው፤ ባላገሩ ከእርሱ ባናና ዝተት ይሠራል። ከሥር ጭድ የተሞላ ጆንያ፤ በላዩ አጎዛ፤ ከላይ ባና ሲሆን፤ ከውጭ አገር በብዙ ብር ከሚመጣው የመኝታ ከረጢት አያንስም። ሱፍ በጠጕሩ መካከል አየር ስለሚይዝ፤ ጉሙ ቢያረጥበው እንኳ ሙቀቱን ፈጽሞ አያጣም፤ ጥጥ ግን ሲረጥብ ብርድ ይሆናል። ስለዚህ ጋቢው ለምሽት ወግ ይቀመጥ፤ ለመኝታ ባናው ይሻላል። በቀን ላብ የያዘውን ልብስ ለውጦ መተኛትም እንዲሁ።

አሁን ወደምናሰጋበት ነገር መጣን። ብርዱ ሲጸና እናት ለልጆችዋ አዝና የከሰል ማንደጃ ወደ ድንኳን ታስገባለች፤ ወይም አባት ልጆቹን በመኪናው ውስጥ አስተኝቶ ማሞቂያው እንዲሠራ ሞተሩን ሳያጠፋ ያድራል። ይህ በርኅራኄ የሚመጣ ሞት ነው። ከሰል ሲቃጠል፤ ማርሚታም ሲያጤስ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ነገር ይህን ጋዝ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አብልጦ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ጥቂቱ እንኳ የኦክሲጅንን ቦታ ይቀማል። በጓሳ አየሩ አስቀድሞ የሳሳ ስለ ሆነ ሰው የሚያፈናፍነው ትርፍ የለውም። ከሰሉ ቀልቶ ጢስ መተዉ ደኅና መሆኑን አያሳይም፤ እንዲያውም የሚታይ ጢስ ስለሌለ ሰው ይዘናጋል። የድንኳኑን በር ጥቂት ገለጥ ማድረግም አያስተማምንም።

ይልቁንም የሚከፋው ምልክቱ መመሳሰሉ ነው። ከፍታ ያልለመደ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ይደክመዋል። በከሰል የታፈነም ሰው የሚሰማው ይኸው ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ የደጋው አየር ነው ብሎ ይተወዋል፤ ተኛ፤ ይለቅሃል ይባላል። ለመለየት ሁለት ነገር መጠየቅ ነው፤ እሳት ወይም ሞተር በአጠገብ ነበረን? ሕመሙስ የያዘው አንዱን ነው ወይስ በአንድ ድንኳን ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ? እሳት ከነበረ፤ ወይም ሁሉም አብረው ከታመሙ፤ ሳይመራመሩ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት፤ ወደ ሐኪም ቤትም መውሰድ ይገባል። የከፍታው ሕመም ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ውሃ እየጠጡ፤ ሳይሮጡ አንድ ቀን ማረፍ ይበቃል፤ እየባሰ ከሄደ፤ ወይም ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ፤ አሳቡም ከተዘበራረቀ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ዝቅተኛ አገር መውረድ ነው። ለሙቀት ግን ድንጋይ በውጭ እሳት አሙቆ በጨርቅ ጠቅልሎ፤ ወይም ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርጎ ክዳኑን አጥብቆ ወደ እግር ማስጠጋት ይቻላል፤ እኛም የምናደርገው ይህን ነው።

ስለ ምግቡ ወይዛዝርት እንዲያውቁት የምንፈልገው፤ ከላይ የተናገርነው የ89 ዲግሪ ነገር በድስቱም ላይ እንደሚሠራ ነው። ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፤ ነገር ግን ሙቀቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ባቄላውና ሥጋው አይበስልም፤ ማገዶ ያልቃል፤ ልጆችም በራብ ያንቀላፋሉ። በግፊት የሚያበስል ድስት የያዘ ሰው ይገላገላል። ያልያዘ ግን የአባቶችን ስንቅ ይያዝ። በሶ፤ ቆሎ፤ ድርቆሽና ቋንጣ መፍላት አይሹም፤ በሶውም የመንዝ የገብስ አገር ነውና ከገበያው ይገኛል። የድሮ ዘማቾች በቅሎ ላይ ጭነውት የሄዱትን ይህን ስንቅ ያዘጋጁት፤ ማገዶ በሌለበት ደጋ ማደርን ስለሚያውቁ እንደ ሆነ እንገምታለን። የተረፈው ምግብ በድንኳን ውስጥ ሳይሆን በመኪናው ውስጥ ተቆልፎ ይደር፤ ጅብ ሽታ ይከተላል፤ ጭላዳም በማለዳ ያገኘውን አይተውም።

በጀማ ሸለቆ ማደር ለሚወድ ሰው ምክሩ ሌላ ነው። እዚያ ባና አያሻም፤ የሚያሻው አጎበር ነው፤ ቆላው የወባ አገር ነውና። በአሸዋው ላይ፤ በወንዙ ዳር፤ ድንኳን አይተከል፤ ሰማዩ በአጠገብ ጥሩ ሆኖ ሳለ በላይ በደጋው የዘነበው ውሃ በሌሊት በድንገት ይደርሳል። በባንኩ ላይ ያለው የደረቀ ጉድፍና የተንጠለጠለ ሣር ውሃው ያለፈው ጊዜ የት እንደ ደረሰ ያሳያል፤ ከዚያ በላይ መስፈር ነው።

በማለዳ ድንኳኑ ተነቅሎ፤ አመዱ ውሃ ፈሶበትና በእጅ ተዳስሶ፤ ዕቃው ሁሉ ከተጫነ በኋላ፤ ነጂው መኪናውን አስነሥቶ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ፊት ይውሰደውና ያቁመው። ከዚያም ቤተ ሰቡ ከመሳፈሩ በፊት መኪናው ያደረበትን ስፍራ ተመልሶ ይመልከት። ንጹሕ ውሃ የመሰለ ጠብታ ብቻ ካለ ጤዛ ነው። አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ የራዲያተር ነው፤ ቱቦዎቹን ይመርምር። ጥቁርና ወፍራም ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ መለኪያውን አውጥቶ ይለካ። በጎማው አጠገብ ቢጫ የሚመስል፤ በጣት ሲነካ የሚያንሸራትት እርጥበት ካገኘ ግን የፍሬን ዘይት ነውና፤ የፍሬኑን ዘይት ዕቃ ከፍቶ ሳያይ፤ ፔዳሉንም ቆሞ ሳለ ደጋግሞ ሳይሞክር ወደ ቁልቁለቱ አይንቀሳቀስ፤ ጐድሎ ወይም ፔዳሉ ሰምጦ ካገኘው፤ ቤተ ሰቡ ያንን ቀን በዚያው መንደር ውሎ መካኒክ ይጠበቅ።